ምዕራፍ አምስት፦ ሚዛኑ የሚያየውና የማያየው ስሕተት

ባለፈው ምዕራፍ ሌጀሩን ገጽ በገጽ ደምረን የእያንዳንዱን ሒሳብ ቀሪ አውጥተናል። አሁን እነዚያን ቀሪዎች በአንድ ወረቀት ላይ እንሰበስባቸዋለን። የዴቢት ቀሪ ያላቸው በግራ፣ የክሬዲት ቀሪ ያላቸው በቀኝ ይሰለፋሉ። የሁለቱም ድምር ከሥር ይጻፋል። ይህን ወረቀት በየቢሮው ትራያል ባላንስ ይሉታል፤ እኛ የሙከራ ሚዛን እንለዋለን።

ሁለቱ ድምሮች እኩል የሆኑ ዕለት ሒሳብ ያዡ እፎይ ይላል። ሊቀመንበሩ ይፈርማል፤ ወረቀቱም ፋይል ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሒሳቡ ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ ብሎ ያምናል። የተረጋገጠው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው። ምን እንደተረጋገጠና ምን እንዳልተረጋገጠ ለይቶ ማወቅ የሒሳብ ባለሙያ ላልሆነው የማኅበር አባል፣ የዕድር ዳኛና የሱቅ ባለቤት ከሁሉ የሚጠቅም እውቀት ነው፤ ገንዘቡ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነውና።

ደካ ላይ ያለች ማኅበር

ምሳሌያችን ምናባዊ ነው፤ ቦታው ግን እውነተኛ ይሁን። በካፋ ዞን፣ ደካ ላይ፣ አንዲት የቡና አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር አለች እንበል። ካፋ የጫካ ቡና አገር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ በመዘገበው ደን ውስጥ ቡናው ዛሬም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱን ችሎ ይበቅላል። ገበሬው ከቡናው ጎን ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ ከደኑ ያገኛል። የተለቀመውን ቡና የሚሰበስቡት የየአካባቢው ማኅበራት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመውና መቀመጫውን ቦንጋ ያደረገው የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየንም የቆመው በእንዲህ ዓይነት ማኅበራት ላይ ነው።

የኛይቱ ማኅበር ከአባላቷ ጀንፈል፣ ማለትም ገና ያልተፈለፈለ ቡና፣ ትገዛለች። ለአንዳንዱ እጅ በእጅ ትከፍላለች፤ የአንዳንዱን ደግሞ ከሽያጭ በኋላ ልትከፍል ትረከባለች። ከባንክ ተበድራለች፤ የቡና መፈልፈያ ማሽን አላት፤ በምርት ወቅት የጭነት መኪና ትከራያለች። በኅዳር ወር መጨረሻ የሙከራ ሚዛኗ ይህን ይመስላል (ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተሰጡ ናቸው)፦

የዴቢት ቀሪዎች
ጥሬ ገንዘብ፦ 60,000 ብር
ባንክ፦ 340,000 ብር
የቡና ግዢ፦ 900,000 ብር
የመፈልፈያ ማሽን፦ 250,000 ብር
የመኪና ኪራይና የጉልበት ወጪ፦ 50,000 ብር
ተሰብሳቢ ሒሳብ፦ 100,000 ብር
ድምር፦ 1,700,000 ብር

የክሬዲት ቀሪዎች
የአባላት ዕጣ፦ 400,000 ብር
የባንክ ብድር፦ 300,000 ብር
ለአባላት የሚከፈል ዕዳ፦ 120,000 ብር
የቡና ሽያጭ፦ 880,000 ብር
ድምር፦ 1,700,000 ብር

ግራውም ቀኙም 1,700,000 ብር ነው። እንዲህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በምዕራፍ ሦስት እንዳየነው እያንዳንዱ የገንዘብ እንቅስቃሴ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንድ ጊዜ በዴቢት፣ አንድ ጊዜ በክሬዲት፣ በእኩል መጠን። ማኅበሯ ለአንድ አባል 8,000 ብር ከፍላ ጀንፈል ብትገዛ የቡና ግዢ በዴቢት 8,000 ይጨምራል፣ ጥሬ ገንዘብም በክሬዲት 8,000 ይቀንሳል። ዓመቱን ሙሉ እኩል እኩል እየጻፍን ከቆየን ድምሩም እኩል መውጣት አለበት። የሙከራ ሚዛን ይህ ሕግ አለመጣሱን የሚፈትሽ ወረቀት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ነጋዴዎች መዝገባቸውን ሲዘጉ ዴቢቱን ሁሉ በአንድ ወገን፣ ክሬዲቱን ሁሉ በሌላው ደምረው እንዲያነጻጽሩ አስተምሯል። ሁለቱ ካልተስማሙ ስሕተት አለና በትጋት መፈለግ ይገባል ብሏል። ዘዴው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የቆየው ቀላል ስለሆነና ስለሚሠራ ነው። የሚሠራው ግን ለተወሰነ ሥራ ብቻ ነው።

የግዢ ጣቢያው ሚዛን

በቡና ግዢ ጣቢያ የተሰቀለ ባለ ሁለት ክንድ ሚዛን አስቡ። በአንዱ ሳህን የሚዛን ድንጋይ፣ በሌላው ጀንፈል ይቀመጣል። ክንዱ ቀጥ ካለ ክብደታቸው እኩል ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ያ ጀንፈል ግን ደርቋል ወይስ ርጥብ ነው? ጠጠር ተቀላቅሎበታል ወይስ ንጹሕ ነው? ያመጣው ስሙ የተጻፈው ገበሬ ነው ወይስ ጎረቤቱ? ሚዛኑ ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም። በርጥበት የከበደ አንድ ፈረሱላና በደንብ የደረቀ አንድ ፈረሱላ ለእሱ ሁለቱም 17 ኪሎ ናቸው።

ለዚህ ነው ቡና ከመመዘኑ ሌላ ናሙና የሚወሰድለት። ርጥበቱ በመሣሪያ ይለካል፤ የተበላሸው ፍሬ ተለቅሞ ይቆጠራል፤ ከዚያም ተቆልቶና ተፈጭቶ ቀማሾች ይቀምሱታል። በቡና ንግድ ውስጥ ያለ ሰው ክንዱ ቀጥ ስላለ ብቻ ቡናው ጥሩ ነው አይልም። ክብደቱን ለሚዛኑ፣ ጥራቱን ለቀማሹ ይተዋል።

የሙከራ ሚዛንም እንዲሁ ነው። ግራና ቀኙ እኩል መክበዳቸውን ይነግረናል። በሳህኖቹ ላይ ያለው ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ መቀመጥ የነበረበት እዚያ መሆኑን ግን አይነግረንም።

ሁሉንም ስሕተት የሚለይ አንድ ጥያቄ

የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት የመዝገብ ስሕተቶችን በረጅም ዝርዝር ያስቀምጣሉ፤ ተማሪውም የፈተና ዕለት እስኪደርስ ያንን ሲሸመድድ ይከርማል። እኛ ዝርዝሩን መሸምደድ የለብንም። ማንኛውም ስሕተት ሲያጋጥመን አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ፦ ስሕተቱ የሁለቱን ወገን ድምር እኩል ነክቷል ወይስ የአንዱን ብቻ?

የአንዱን ወገን ድምር ብቻ ከነካ፣ ወይም የሁለቱን በተለያየ መጠን ከነካ፣ አንዱ ሳህን ይከብዳል፤ የሙከራ ሚዛኑም ይጮኻል። ሁለቱን እኩል ከነካ፣ ወይም በአንዱ ወገን ውስጥ ቁጥሩን ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ብቻ ካዛወረ፣ ክንዱ ቀጥ እንዳለ ይቆያል፤ ወረቀቱም ዝም ይላል። የስሕተቱ ትልቅነት በዚህ ውስጥ አይገባም። የ5 ብር ስሕተት አንድ ወገን ከሆነ ይታያል፤ የ500,000 ብር ስሕተት ሁለት ወገን ከሆነ አይታይም።

ሚዛኑን የሚያጋድሉ ስሕተቶች

ከሚታዩት እንጀምር። ደካ ላይ ያለችው ማኅበር ለመኪና ኪራይ 5,400 ብር ከፈለች እንበል። ሒሳብ ያዡ ከጥሬ ገንዘብ ሒሳብ ላይ በክሬዲት 5,400 ብሎ በትክክል ጻፈ። ወደ ኪራይ ወጪው ሲያሸጋግር ግን እጁ ቁጥሮቹን አገላበጠና በዴቢት 4,500 ጻፈ። በወሩ መጨረሻ ዴቢቱ ከክሬዲቱ በ900 ብር ያንሳል።

ልምድ ያለው ሒሳብ ያዥ ይህን 900 ሲያይ ወዲያው መዝገቡን ከመጀመሪያ ገጽ አያገላብጥም። መጀመሪያ ለ9 ያካፍለዋል። 900 ለ9 ሲካፈል 100 ይወጣል፤ ትርፍ የለውም። ይህም ሁለት ጎረቤት አሃዞች ቦታ ተቀያይረው እንደሆነ የሚጠቁም ፍንጭ ነው።

ለምን 9? በመቶ ቤት የነበረ አሃዝ ወደ ሺህ ቤት ሲወጣ ዋጋው አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ማለትም ከነበረው በላይ ዘጠኝ እጥፍ ይጨምራል። ከሺህ ወደ መቶ የወረደው ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። 5,400 ወደ 4,500 ሲለወጥ 5 ከሺህ ቤት ወደ መቶ ቤት ወርዷል፣ 4 ደግሞ ከመቶ ወደ ሺህ ወጥቷል። የሁለቱ አሃዞች ልዩነት 1 ነው፤ በ9 ሲባዛ 9፣ በመቶ ቤት ሲቀመጥ 900 ይሆናል። የትኞቹም ሁለት ጎረቤት አሃዞች ቢቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ዜሮ ሲዘነጋም እንዲሁ ነው፤ 6,000 ብር 600 ተብሎ ቢጻፍ የጎደለው 5,400 ብር የ600 ዘጠኝ እጥፍ ነው።

ሁለተኛው ፍተሻ ልዩነቱን ለ2 ማካፈል ነው። ማኅበሯ ለጆንያ መግዣ 7,500 ብር አውጥታ ወጪው በዴቢት መጻፍ ሲገባው በክሬዲት ተጻፈ እንበል። ዴቢቱ 7,500 አጣ፤ ክሬዲቱ ደግሞ የማይገባውን 7,500 አገኘ። ልዩነቱ 15,000 ብር ይሆናል። ግማሹን፣ 7,500ን፣ በዕለት መዝገቡ ውስጥ ብንፈልግ ስሕተቱን እናገኘዋለን።

ሦስተኛው ፍተሻ ልዩነቱን ራሱን መፈለግ ነው። በአንድ ወገን ተጽፎ በሌላው የተዘነጋ ቁጥር፣ ወይም ከሌጀሩ ወደ ሚዛኑ ወረቀት ሲገለበጥ የተረሳ ቀሪ ልዩነቱን የሚተካከለው ልክ በራሱ መጠን ነው። ልዩነቱ 10፣ 100 ወይም 1,000 ከሆነ ደግሞ ድምር ላይ የተያዘ ቁጥር ሳይጨመር ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል መደመሩን መድገም ይጠቅማል።

እነዚህ ሁሉ ፍንጮች ናቸው እንጂ ማስረጃ አይደሉም። ለ9 የሚካፈል ልዩነት በሌላ ምክንያትም ሊመጣ ይችላል። ፍንጩ ወዴት መጀመሪያ ማየት እንዳለብን ይነግረናል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ደረሰኙ ነው።

ልዩነቱን ማቆያ ውስጥ ማስገባት

የሪፖርት ቀን ደርሶ ልዩነቱ ካልተገኘስ? ሒሳብ ያዦች በዚህ ጊዜ ሰስፔንስ የሚባል የማቆያ ሒሳብ ይከፍታሉ። በመጀመሪያው ምሳሌ ዴቢቱ በ900 ብር ስለጎደለ 900 ብር በዴቢት ማቆያው ውስጥ ይገባል፤ ሚዛኑም ለጊዜው ይስተካከላል። ስሕተቱ በተገኘ ቀን 900 ብሩ ከማቆያው ወጥቶ ወደ ኪራይ ወጪ ይሄዳል፤ ማቆያውም ባዶ ሆኖ ይዘጋል።

ይህ ሥራ ሐቀኛ የሚሆነው ማቆያው በቶሎ ከተዘጋ ብቻ ነው። ጊዜያዊ ተብሎ የተከፈተ ሒሳብ ዓመት እየተሻገረ ሲሄድ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ይጠፋል፤ ደረሰኙ ይቀደዳል፤ ሒሳብ ያዡም ይዛወራል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ በየዓመቱ የሚነሣ ግኝት ነው። ተሰብሳቢ ከማቆያ ይለያል፤ ሆኖም ሁለቱም የሚበላሹት በአንድ መንገድ ነው። ነገ እናጣራዋለን የተባለው ሳይጣራ ይከርማል።

ልዩነቱ ትንሽ ነው ብሎ መናቅም አደጋ አለው። ወረቀቱ ላይ የምናየው 10 ብር የስሕተቶች ሁሉ ድምር እንጂ አንድ ስሕተት ላይሆን ይችላል። በዴቢት በኩል 100,010 ብር ተዘንግቶ በክሬዲት በኩል 100,000 ብር ተዘንግቶ ቢሆን ከሥር የሚታየው 10 ብር ብቻ ነው። ገንዘብ ያዡ ያንን 10 ብር ከኪሱ ሞልቶ ነገሩን ቢዘጋው 200,010 ብር የሚያህል ስሕተት አብሮ ተዘጋ ማለት ነው።

ሚዛኑ ዝም የሚልባቸው ስሕተቶች

አሁን ወደ ምዕራፉ ልብ ደርሰናል። የሚከተሉት ስሕተቶች ሁሉ ወይ ሁለቱን ወገን እኩል ይነካሉ፣ ወይ በአንዱ ወገን ውስጥ ቁጥሩን ከቦታ ቦታ ብቻ ያዛውራሉ። የሙከራ ሚዛኑ በየትኛውም ላይ አይጮኽም።

የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ መዘንጋት ነው። አንድ አባል በምርት ግርግር መካከል ለመጋዘኑ ጀንፈል አስረከበ፤ የርክክብ ደረሰኙ ወደ ሒሳብ ክፍሉ ሳይደርስ ጠፋ። ግዢውም አልተጻፈ፣ ለአባሉ የሚከፈለው ዕዳም አልተጻፈ። ከሁለቱም ሳህን እኩል ጎድሏል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ሰላም ነው፤ ያ ገበሬ ግን የዓመት ልፋቱን ሊያጣ ነው።

ሁለተኛው ከመነሻው የተሳሳተ ቁጥር ነው። የ34,000 ብር ደረሰኝ ገና ወደ ዕለት መዝገብ ሲገባ 43,000 ተብሎ ተነበበ። ከዚያ በኋላ በዴቢትም በክሬዲትም 43,000 እየተባለ በታማኝነት ተሸጋገረ። ቀደም ሲል ያየነው የ5,400 እና የ4,500 ስሕተት ከዚህ የሚለየው መገላበጡ በአንድ ወገን ብቻ በመሆኑ ነው። የእጅ ስሕተቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የተፈጸመበት ቦታ ግን አንዱን አጋልጦ ሌላውን ሸሸገው።

ሦስተኛው በተሳሳተ ሰው ስም መጻፍ ነው። ሁለት አባላት በስምም በአባት ስምም ተመሳሳይ ከሆኑ የአንዱ ክፍያ በሌላው ካርድ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ለአባላት የሚከፈለው ዕዳ በጠቅላላው ያው 120,000 ብር ነው። አንዱ የሌላውን ይወስዳል፤ በማኅበሩ ላይ የነበረው እምነት ግን ይሰነጠቃል።

አራተኛው ድግግሞሽ ነው። አንድ ደረሰኝ ዋናውም ቅጂውም ለሒሳብ ክፍሉ ደርሶ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ። ሁለቱም ሳህኖች እኩል ከበዱ።

አምስተኛው ግራና ቀኙን ማገላበጥ ነው። ማኅበሯ ከባንክ ሒሳቧ 20,000 ብር አውጥታ ብድሯን ከፈለች። በትክክል ቢጻፍ ባንክ ወደ 320,000፣ ብድሩ ወደ 280,000 ይወርድና ሁለቱም ድምሮች 1,680,000 ብር ይሆናሉ። ተገላብጦ ሲጻፍ ግን ባንክ 360,000፣ ብድር 320,000 ይሆናል፤ ድምሮቹም 1,720,000 እና 1,720,000 ይወጣሉ። ፍጹም እኩል ናቸው። ባንክ ላይ የሌለ 40,000 ብር አለ ተብሏል፤ ዕዳውም ከእውነተኛው በ40,000 ብር ጨምሯል።

ስድስተኛው ሁለት ስሕተቶች ተገናኝተው ሲካካሱ ነው። የቡና ግዢ ሲደመር 1,000 ብር ተጨመረበት፤ በሌላ ገጽ፣ በሌላ ቀን፣ የሽያጭ ድምርም በ1,000 ብር ተጋነነ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቢሆኑ ይታዩ ነበር፤ አብረው ሲመጡ ይሸፋፈናሉ።

ሰባተኛውን ለብቻው ማየት ይገባል፤ ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደረሰው እሱ ነውና።

ወጪን ንብረት ማድረግ

ማኅበሯ የመፈልፈያ ማሽኗን ለማስጠገን 40,000 ብር ከፈለች። ጥገና ማሽኑን ወደነበረበት ይመልሰዋል እንጂ አዲስ ንብረት አይፈጥርም፤ ስለዚህ የዚህ ዓመት ወጪ ነው። ሒሳብ ያዡ ግን ማሽን የሚለውን ቃል አይቶ በመፈልፈያ ማሽን ሒሳብ ላይ ጻፈው። ማሽኑ ከ250,000 ወደ 290,000 ብር አደገ፤ ባንኩ በ40,000 ቀነሰ። ዴቢት ከክሬዲት እኩል ነው።

የተበላሸው ነገር ሌላ ቦታ ይታያል። ወጪ መሆን የነበረበት 40,000 ብር ወጪ ስላልተባለ የዓመቱ ትርፍ በ40,000 ብር ተጋነነ። ለመጠባበቂያ ከሚያዘው የተረፈው ትርፍ ለአባላት ስለሚከፋፈል፣ ማኅበሯ ያላገኘችውን ገንዘብ ታከፋፍላለች። በሚቀጥለው የምርት ወቅት ጀንፈል መግዣ ብር ሲያጥር ምክንያቱን የሚያውቅ አይኖርም። እንዲህ ዓይነቱ የመርሕ ስሕተት ይባላል፤ ቁጥሩ ልክ ሆኖ የሒሳቡ ዓይነት ሲሳሳት ነው።

ይህ የገጠር ማኅበር ችግር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የአሜሪካውን የቴሌኮም ኩባንያ ወርልድኮምን ይመልከት። ኩባንያው የሌሎችን መስመሮች ለመጠቀም የሚከፍለው ገንዘብ የየጊዜው ወጪ ነበር። ኃላፊዎቹ ግን ያንን ወጪ ንብረት እያሉ አስመዘገቡት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2002 ኩባንያው ራሱ ይፋ ባደረገው መሠረት በዚህ መንገድ ያላግባብ የተመዘገበው 3.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ምርመራው ሲጠናቀቅ በሒሳቡ ላይ የተገኘው ማጭበርበር በጠቅላላው ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በሐምሌ 2002 ወርልድኮም በአሜሪካ ታሪክ እስከዚያ ድረስ ትልቁን ኪሳራ አወጀ፤ የቀድሞው ዋና ሥራ አስፈጻሚ በርናርድ ኤበርስም በ2005 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ቢሊዮኖቹ ከወጪ ወደ ንብረት ሲዛወሩ ሁለቱም ከዴቢት ወገን ነበሩና የሙከራ ሚዛኑ አንድ ሳንቲም አላጋደለም። ነገሩን ያጋለጠው በሲንቲያ ኩፐር የሚመራው የውስጥ ኦዲት ቡድን ነው። ቡድኑ ድምሮቹ እኩል ናቸው በሚለው ሳይረካ ይህ ንብረት የታለ፣ ሰነዱስ የታለ ብሎ ጠየቀ።

የእኛው 40,000 ብር የእጅ ስሕተት ነው፤ የወርልድኮም ደግሞ ሆን ተብሎ የተሠራ ወንጀል። ሚዛኑ ግን ቅን ስሕተትን ከማጭበርበር አይለይም። እንዲያውም ማጭበርበር የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ወገን እኩል ለመጻፍ ከማንም በላይ ይጠነቀቃል።

ኮምፒዩተሩ ምን ለወጠ?

በአገራችን ብዙ ድርጅቶች ሒሳባቸውን እንደ ፒችትሪ ባሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ይይዛሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል ያልሆነ ምዝገባ አይቀበሉም፤ መደመሩንና ማሸጋገሩንም ራሳቸው ይሠሩታል። ስለዚህ ቀደም ሲል ያየናቸው ሚዛን የሚያጋድሉ ስሕተቶች ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። ትልቅ እፎይታ ነው።

ከዚህ ግን አንድ ነገር ይከተላል። በእጅ በሚያዝ መዝገብ ላይ የሁለቱ ድምሮች እኩል መሆን ቢያንስ ሒሳብ ያዡ በጥንቃቄ መሥራቱን ያሳይ ነበር። በኮምፒዩተር ላይ ድምሮቹ ሁልጊዜ እኩል ናቸው፤ ጎበዝም ቢሠራው፣ ሰነፍም ቢሠራው፣ ሌባም ቢሠራው። የጠፋ ደረሰኝ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አይገባም፤ 43,000 ተብሎ የገባ 34,000 እንደገባ ይቀመጣል፤ ጥገናም ንብረት ተብሎ ከተመዘገበ ንብረት ሆኖ ይታተማል። ሪፖርቱ በአማረ ፊደል ስለወጣ የበለጠ ልናምነው አይገባም። ከድሮው የበለጠ መጠየቅ ያለብን ዛሬ ነው።

ከመዝገቡ ውጭ ያለ ምስክር

ሁለቱን ወገን እኩል የነካ ስሕተት በመዝገቡ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም፤ መዝገቡ ከራሱ ጋር ይስማማልና። ከመዝገቡ ውጭ የሆነ ምስክር ያስፈልጋል። በምዕራፍ ሁለት ስለ ደረሰኝና ስለ ርክክብ ሰነድ በሰፊው ያወራነውም ለዚህ ነበር።

አንደኛው ምስክር ባንክ ነው። በየወሩ የባንኩ መግለጫ ከማኅበሯ የባንክ ሒሳብ ጋር ይታረቃል። ተገላብጦ የተጻፈው የ20,000 ብር ብድር እዚህ ይያዛል፤ መዝገቡ 360,000 ሲል ባንኩ 320,000 ይላልና። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ክፍያም እንዲሁ ይጋለጣል።

ሁለተኛው መጋዘን ነው። የነበረው፣ የገባውና የወጣው ተሰልቶ መቅረት ያለበት ቡና ይታወቃል፤ ከዚያ በእርግጥ ያለው ይመዘናል። ጀንፈል ሲፈለፈል ክብደቱ ወደ ግማሽ ገደማ ስለሚወርድ ቆጠራው ጀንፈሉንና ንጹሑን ቡና ለየብቻ መያዝ አለበት። መዝገቡ ከሚለው በላይ ቡና ከተገኘ ያልተመዘገበ ርክክብ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው መጋዘን የሚቆጥረው ጉድለት ለመያዝ ብቻ ይመስለዋል፤ ትርፍ ሲገኝም የአንድ ገበሬ ገንዘብ ሳይጻፍ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል እኩል መመርመር ይገባዋል።

ሦስተኛው በአባሉ እጅ ያለው ደብተር ነው። አባሉ ባስረከበ ቁጥር በእሱም ደብተር ላይ ከተጻፈ በተሳሳተ ስም የገባው ክፍያም ጭራሽ ያልገባውም ይወጣል። ይህ ምስክር የሚሠራው አባሉ ደብተሩን ይዞ መጥቶ ከካርዱ ጋር ሲያስተያየው ብቻ ነው።

አራተኛው የደረሰኝ ተራ ቁጥር ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 የሚወጣው፣ ሰነዶቹም በተራ ቁጥር የሚታተሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ251 ቀጥሎ 253 ከመጣ 252 የት ሄደ ተብሎ ይጠየቃል። መዝገብ የጎደለውን ነገር መናገር አይችልም፤ ተራ ቁጥር ግን ይናገራል።

የመርሕ ስሕተትን ለመያዝ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ዓይን ያስፈልጋል። በንብረት ሒሳብ ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ቁጥር ከሰነዱ ጋር ሲታይ ጥገናው ጥገና መሆኑ ይታወቃል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራት ኦዲት እንዲደረጉ የሚያዘው፣ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006ም የሒሳብ አያያዝና የኦዲት ሙያን የሚቆጣጠር ቦርድ እንዲኖር ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ሒሳቡን የሠራው ሰው ብቻውን ምስክር ሊሆንለት አይችልም።

በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ምን እንጠይቅ?

የሙከራ ሚዛንን አቃለን ከዚህ ምዕራፍ እንዳንወጣ። እሱ ካልተስማማ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ከተስማማ በኋላ ግን ሥራው ገና ግማሽ ነው።

ስለዚህ የማኅበር አባል የሆናችሁ ሁሉ፣ ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሪፖርቱ በጉባኤ ሲነበብና ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ነው ሲባል፣ እጃችሁን አውጥታችሁ አራት ነገር ጠይቁ። የባንክ ሒሳቡ ከባንኩ መግለጫ ጋር የታረቀው መቼ ነው? መጋዘኑን ማን ቆጠረው፣ ቆጣሪውስ ከመጋዘን ጠባቂው የተለየ ሰው ነው? በማቆያ ሒሳብ ውስጥ የቀረ ገንዘብ አለ፣ ካለስ ከመቼ ጀምሮ? በዚህ ዓመት ንብረት ተብሎ የተጨመረው ምንድን ነው፣ ወስዳችሁ ልታሳዩን ትችላላችሁ? እነዚህን ለመጠየቅ የሒሳብ ዲግሪ አያስፈልግም። ሥራውን በንጽሕና የሠራ ሒሳብ ያዥ ጥያቄዎቹን ይወዳቸዋል፤ ልፋቱ የሚታወቅለት ያን ጊዜ ነውና።

በሚቀጥለው ምዕራፍ ስሕተቱ ከተገኘ በኋላ እንዴት እንደሚታረም እናያለን። ቁጥሩን መፋቅ ወይም በላዩ ላይ መጻፍ ለምን እንደማይፈቀድ፣ አዲስ የማረሚያ ምዝገባም የቀድሞውን ስሕተት ሳይሰውር እንዴት እንደሚያቃና በዚችው በደካ ማኅበር ላይ እንሞክረዋለን።